ሲነሡ የሚነሣ ወንበር

ባለቤቴ አዲስ አበባ ደርሶ በተመለሰ ቁጥር ያየውን ፊልም አይነግረኝም ነበር። የሚነግረኝ ስለ ወንበሩ ነው። ሌላው ሰው ከተማ ውሎ ሲመጣ የዘመድ ሰላምታ ይዞ ይመጣል፤ የኔው ሰውዬ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ «ሰገነት ላይ ያሉት እኮ ቀይ ከፋይ ለብሰዋል» ይለኛል። እግሩን የሚታጠብበት ውኃ እያቀረብኩ «እህቴን አየሃት ወይ?» እለዋለሁ። አላያትም። የእህቴ ቤት ከሲኒማ ቤቱ ማዶ ነው፤ ፎቅና ምድር፣ ስንቱ ወንበር ደህና እንደሆነ ስንቱ እንደተቀደደ አይቶ፣ እሷን ሳያይ ይመጣል።

መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ነው መሐል ሜዳ ከተማ ላይ ቪዲዮ ቤት የከፈትነው። ቤቱ ከአባቴ የወረስኩት ሰፊ የድንጋይ ቤት ነበር፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ውስጡ የገብስ ማስቀመጫ። ገብሱን አውጥተን የባሕር ዛፍ አግዳሚ ደረደርንበት። ቴሌቪዥኑ ቁልፍ ባለው ሣጥን ከፍ ብሎ ተቀመጠ፣ ጄኔሬተሩ ከጓሮ እያሳለ መሥራት ጀመረ። የህንድ ፊልም ሲሆን ልጆቹ ያለቅሳሉ፣ የካራቴ ሲሆን ሲወጡ አጥራችንን ይረግጣሉ። ገበያ ቀን ቤቱ ጢም ይላል። ሁዳዴ ሲገባ እንዘጋለን፤ የማንዘጋ ቢሆን ኖሮ ከተማው ራሱ መጥቶ ይዘጋልን ነበር።

እኔ በዚያው ረክቼ ነበር። እሱ ግን አልረካም። ቤቱ ሲሞላ እንኳ በሩ ላይ ቆሞ ይቆዝማል። አንድ ቀን ምን ጎደለህ ስለው «ሽማግሌ የለበትም» አለኝ። «ሽማግሌ የሌለበት ስብስብ የዱርዬ መዋያ ነው። አባቴ መጥቶ፣ ከእኩዮቹ ጋር በክብር ተቀምጦ እንዲያይልኝ ነው የምፈልገው። ከዚያ በኋላ ቤቱ ቤት ይሆናል።»

አባቱ የቀየት መንደር ገበሬ ናቸው፤ ገብስ ያርሳሉ፣ በግ ያረባሉ፣ የተጣላ ሰው ያስታርቃሉ። እኔን ልጄ እንጂ ምራቴ ብለውኝ አያውቁም። ለገበያ ሲመጡ እኛ ዘንድ ያርፋሉ፤ ወደ ቪዲዮ ቤቱ በር ግን ቀና ብለው አያዩም። «ልጄ» ይሉኛል፣ «መስኮቱን ሁሉ በጆንያ ደፍኖ ምንድን ነው የሚያሳያቸው? በጎ ነገር ከሆነ በብርሃን ያሳያቸው።» እኔ እስቃለሁ። እሱ አይስቅም። አባቱ የማይመጡት በአግዳሚው ምክንያት ነው ብሎ ደመደመ። የተከበረ ሰው ከጎረምሳ ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ ሳንቃ ላይ አይቀመጥም፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ወንበር፣ የራሱ ክንድ ማሳረፊያ ያስፈልገዋል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ አልኩት። አልሰማኝም።

አዲስ አበባ ግን ምኞቱን እየሰማችለት ነበር መሰለኝ። ከየመንገዱ የሚያመጣው ወሬ ከዓመት ዓመት እየጠቆረ ሄደ። መጀመሪያ ሰገነቱ ተዘጋ አለኝ። ቀጥሎ ምድር ቤቱ ውስጥ እየመረጡ ካልተቀመጡ ሽቦ ይወጋል አለኝ። ቀጥሎ በአንድ ቲኬት ሁለት ፊልም ያሳያሉ፣ ሰዉ ግን የሚገባው ለመተኛት ነው አለ። በመጨረሻ አንዱ የቆየ ሲኒማ ቤት ሊፈርስ ነው፣ ቦታው ለሱቅ ተፈልጓል፣ ወንበሮቹን እየነቀሉ ይሸጣሉ ብሎ እየሮጠ መጣ። ፊቱ በርቶ ነበር። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል ይባላል፤ እኛ በጎቻችንን ሸጠን ለመላስ ተጣደፍን።

ወንበሮቹ የመጡት የጣርማበር ጉም ባረጠበው የጭነት መኪና ላይ ተከምረው ነው። ገበያተኛው ከበባቸው። አንዱ የአውቶቡስ ነው አለ፣ አንዱ የሐኪም ቤት ነው አለ፣ አንዲት ሴትዮ ደግሞ የንጉሥ ነው ብላ ተሳለመች። እግራቸው የብረት ነው፣ በረድፍ የተያያዙ፣ መቀመጫቸው ሰው ሲነሣ ወደ ላይ የሚታጠፍ። እየታጠፉ ጧ ሲሉ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። ባለቤቴ ወለሉን ሲሚንቶ አስደርጎ በቡሎን አሰራቸው። ስፖንጃቸው ያለቀውን እኔ ሞላኋቸው፤ ተከልሎ የሚጠበቀው የጓሳ ሜዳ ተፈትቶ ሣሩ እስኪታጨድ ጠብቀን፣ በጓሳ ሣር ጠቅጥቄ፣ አሮጌ የሱፍ ባና ቀድጄ አለበስኳቸው። ከአዲስ አበባው ከፋይ ይሞቃሉ፤ ትንሽ ያሳክካሉ እንጂ። ያኔ መብራትም ገብቶልን ስለነበር ፕሮጀክተር ገዛ፣ የፊቱን ግድግዳ በኖራ ነጭ አስመሰለው። ወንበሩ ሁሉ ወደዚያ ነጭ ግድግዳ ዞሮ ሲደረደር መሐል ላይ ቆሞ ዞር ዞር እያለ አየው። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ነበር፤ መዋሸት አልፈልግም።

የመረጠው ፊልም ስለ ገዳማት ነበር፤ ስለ ዋሻ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መናኞች፣ ማንም ክፉ የማይለው። ዳግማዊ ትንሣኤ አልፎ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በጠራራ ፀሐይ። ራሱ ቀየት ድረስ ወርዶ አባቱን ጠራ፤ እኩዮቻቸውን ከየቤታቸው ዞሮ ጠራ፤ የንስሐ አባታችንን እጃቸውን ስሞ ጠራ። እኛ አገር ትልቅ ሰው ሳይጠራ አይሄድም፤ ተጠርቶም ሳይለመን አይገባም። ሁሉንም ለመነ። አማቴ በበቅሎ መጡ፣ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው።

ገና ሲገቡ ጣጣው ተጀመረ። ባለቤቴ ጥሩው ቦታ ከኋላ ነው ብሎ ወደ ኋላ ሊመራቸው ሞከረ። አማቴ ቆም ብለው አዩት።

«እኔን ከልጆች ኋላ?»

«አባዬ፣ ከኋላ ሲሆን ነው ደህና የሚታየው።»

«የክብር ቦታ ፊት ነው። ይኸ ጠፍቶህ ነው ቤት የከፈትከው?»

ሽማግሌዎቹ በሙሉ ከፊት ረድፍ፣ ከግድግዳው ሥር ሊደርሱ ምንም ሳይቀራቸው፣ አንገታቸውን ወደ ላይ ሰቅለው ተቀመጡ። ሲቀመጡ ባለቤቴ አንድ በአንድ እየዞረ መቀመጫውን በእጁ ይዞላቸው ስለነበር ወንበሩ የሚታጠፍ መሆኑን ልብ ያለ አልነበረም። ጥምጥሙ ለኋለኛው ሰው ግማሹን ግድግዳ ጋረደው። ማን ደፍሮ ዝቅ በሉ ይላል። ጎረምሶቹ ከኋላ ሆነው ይንሾካሾካሉ። ሰው ግን ነበር፤ እናቶች ነበሩ፣ ዲያቆናት ነበሩ፣ ቤቱ ቤት መስሎ ነበር። ባለቤቴ ከማሽኑ ጎን ቆሞ የአባቱን ጀርባ ሲያይ አየሁት። እንደዚያ ያለ ፊት ዳግመኛ አላየሁበትም።

ፊልሙ እንደ ጀመረ የንስሐ አባታችን ገቡ። ሰንበቴ ይዟቸው ዘግይተው ነው። በሩ ሲከፈት ብርሃኑ ገባ፤ አማቴ ዞር ብለው መስቀሉን አዩ፣ «ኖር» ብለው ተነሡ። ቤቱ በሙሉ ኖር ብሎ ተነሣ። እንግዲህ ካህን ሲገባ ማን ተቀምጦ ይቀራል? ወንበሩ ሁሉ ከየሰዉ ኋላ ጧ ጧ እያለ ታጠፈ። አባም «በእግዜር፣ ኧረ በማርያም፣ ተቀመጡ» አሉ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደሚቀመጡት፣ ወደ ኋላ ሳያዩ በሙሉ ልብ ተቀመጡ።

የፊቱ ረድፍ በሙሉ ወለሉ ላይ ወደቀ።

ከኋላ ጎረምሶቹ ሳቁ። ወንበሮቹን ሳምንቱን ሙሉ ሲጫወቱባቸው ስለሰነበቱ አልወደቁም። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም፣ ግን ረጅም ነበር። ሽማግሌዎቹ ጥምጥማቸውን እያነሡ፣ አቧራቸውን እያራገፉ ተነሡ። አማቴ ግን ሊነሡ አልቻሉም፤ ዳሌያቸው ሄዷል። ባለቤቴ አባቱን በክንዱ አቅፎ ሲያወጣ ማሽኑን የሚያጠፋ አልነበረም፤ ባዶው የፊት ረድፍ ላይ የመናኞቹ ጥላ ይመላለስ ነበር።

ወጌሻ አሸ፣ ደብረ ብርሃንም ሄድን፤ አማቴ ከዚያ ወዲያ ያለ ምርኩዝ አልሄዱም። እኛ ዘንድ በተኙባቸው ሳምንታት ልጃቸው አጠገባቸው መቀመጥ ያፍር ነበር። እሳቸው ግን ይቀልዱ ነበር። «ወንበሩ ምን አጠፋ» አሉት አንድ ቀን። «እንደኛው ሰው አክባሪ ነው፤ ካህን ሲገባ ተነሣ። መቀመጡን ነው ያላስተማርከው።» እኔ ሳቅሁ፣ እሳቸውም ሳቁ። ባለቤቴ ወጥቶ ሄደ። በኋላ ጓሮ አገኘሁትና ሰዎቹን እንደገና ጥራቸው፣ ምንም ቂም የላቸውም አልኩት። «በምን ዓይኔ?» አለኝ። «የተሳቀባቸውን ሰዎች በምን ዓይኔ ነው ተመልሳችሁ ኑ የምላቸው?»

በሚቀጥለው ሳምንት የብረት ሽቦ ገዝቶ መጣ። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ዘርግቶ፣ እንዳይታጠፉ ከእግራቸው ጋር ጠፍሮ አሰራቸው። ከዚያ በኋላ ድምፅ የላቸውም። አማቴ ከጥቂት ዓመት በኋላ ቀየት አረፉ፤ በሳል ነው፣ በዳሌው አይደለም፤ ይኸን ስንት ጊዜ ነገርኩት፣ አልተቀበለኝም። ሽማግሌዎቹን መንገድ ላይ ያገኛቸዋል፣ ዝቅ ብሎ እጅ ይነሣል፣ እነሱም ይመርቁታል። ስለ ሲኒማው ግን እሱም አያነሣ፣ እነሱም አያነሡ።

እውነቱን ለመናገር ከዚያ በኋላም ደህና ዘመን መጥቶልን ነበር። አዲስ አበባ የአማርኛ ፊልም በረከተ፤ ባለቤቴ በየሕንፃው ላይ ትንንሽ ሲኒማ ቤት ተከፈተ፣ ሰው በሰልፍ ይገባል፣ ወንበሩ አዲስ ነው ብሎ እንደ ልጅ እየዘለለ መጣ። ፊልሙን አመጣ፣ የመሐል ሜዳ ወጣትም መጣ፤ ሁለት ሦስት ዓመት ሣሩን ዳግም እስክሞላ ድረስ ወንበሩን አደቀቁት። ከዚያ ዲስኩ ሱቅ ውስጥ ከሳሙና አጠገብ ይሸጥ ጀመር። ከዚያ ሻይ ቤቱ ሁሉ ዲሽ ተከለ፤ ሰዉ በላስቲክ ወንበር ኳስ ለማየት ይኮለኮላል። ከዚያ ደግሞ ስልኩ መጣ። ሜሞሪውን ያስሞላና ሁሉም በየኪሱ ሲኒማ ቤት ይዞ ይዞራል።

አንድ ቀን ባለቤቴ ከበራችን ድንጋይ ላይ አንዲት የመሰናዶ ተማሪ ተቀምጣ በስልኳ ፊልም ስታይ አገኘ። ፊልሙ ያን ዕለት እኛ ከውስጥ የምናሳየው ነው።

«ግቢ የኔ ልጅ፣ በነጻ እይው። ወንበር አለ» አላት።

«አይ ጋሼ፣ ይኸ ይሻለኛል። ሲሰለቸኝ አቆመዋለሁ።»

በትሕትና ነው የመለሰችለት። ገብቶ ማሽኑን አጠፋ። ቤቱ ውስጥ የሚያይ ሰው ስላልነበረ የተከፋ አልነበረም።

ቤቱ ከዚያ በኋላ የሞላው በስብሰባ ነው። የመንግሥት ሰዎች ለግምገማ ይከራዩት ነበር፤ ገበሬው በአንድ ለአምስት ተደራጅቶ ይመጣል፣ ምንም ወዳልታየበት ነጭ ግድግዳ ዞሮ ቀኑን ሙሉ ይቀመጣል፣ ከፊሉ ያንቀላፋል። ባለቤቴ በር ላይ ቆሞ የሞላውን ወንበር ያያል። «ካላወሩ እኮ ሲኒማ ይመስላሉ» አለኝ። ቀልድ ነው ብዬ ዞር ስል ዓይኑ እንባ ሞልቶታል። ኋላ ስብሰባው የራሱ አዳራሽ ተሠራለትና እኛ ዘንድ መምጣቱ ቀረ። ቤቱን ማዳበሪያ ለሚያከማች ነጋዴ አከራየን። ወንበሮቹ በቡሎን ስለታሰሩ ነጋዴው ጆንያውን በላያቸው ደረደረው። በሩን ስከፍት ጆንያዎቹ በየወንበራቸው በረድፍ ተቀምጠው ነጩን ግድግዳ ሲያዩ አገኛቸው ነበር። ዘግቼ እመለሳለሁ።

ሆዱን ያመው የጀመረ ጊዜ ለሕክምና አዲስ አበባ ወሰድኩት። እህቴ ዘንድ አረፍን፤ ያን ጊዜ አያት። ከሐኪም ስንመለስ በሕንፃዎቹ በኩል እንሂድ አለኝ። ከነዚያ ትንንሽ ሲኒማ ቤቶች አንዱ የልብስ መሸጫ ሆኗል፣ አንዱ ተቆልፏል፤ አንዱ ክፍት ነበር፣ ቲኬት የምትቆርጠው ልጅ በስልኳ ፊልም ታያለች። እየደገፍኩት ደረጃውን ስንወርድ «ሁሉም ለብቻው ነው የሚያየው» አለኝ። «አገሩ አብሮ መቀመጥ ተወ።» ሌላ ጊዜ ቢሆን እተርበው ነበር፤ እጁ ግን ትከሻዬ ላይ ቀሏል።

ከተመለስን በኋላ ነጋዴውን ጆንያህን አንሣ ብሎ አስለቀቀው። ገቢያችን እሱ ብቻ ነበር፤ ተቆጣሁ። በየማለዳው ፒንሳ ይዞ እየገባ፣ ጥቂት ጥቂት እየሠራ፣ ወንበሮቹ ያን ሁሉ ዓመት የታሰሩባቸውን ሽቦዎች ይቆርጥ ጀመር። ወንበሮቹን ሊሸጣቸው መስሎኝ ነበር። እንደዚያ ስለው ፒንሳውን አስቀምጦ አየኝ።

«ወንበሩ ሲነሡ የሚነሣ ነው» አለ። «ያለ ጥፋቱ አሰርኩት። አባዬ ነግሮኝ ነበር።»

የመጨረሻውን ረድፍ ሳይጨርስ ተኛ። እሱን እኔ ቆረጥኩለት፤ ሄጄ ጨረስኩት ስለው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ።

ያረፈው ነሐሴ ላይ ነው። በረዶ ይወርድ ነበር፣ የእድሩን ድንኳን ነፋስ ገነጣጠለው። ለቅሶ ለመቀመጥ የሚበቃ ጣሪያ የነበረን አንድ ቤት ብቻ ነው። ለቅሶኛ ዙሪያውን ተቀምጦ ፊት ለፊት ሊተያይ ይገባ ነበር፤ ወንበሩ ግን ከወለሉ ጋር የታሰረ ነውና ሁሉም በረድፍ፣ ወደ ነጩ ግድግዳ ዞሮ ተቀመጠ። እኔን ከፊት ረድፍ ዳር አስቀመጡኝ። ሽማግሌዎቹ መጡ፤ ከነዚያ በሕይወት ያሉት ሁሉ መጡ፣ ማንም ሳይመራቸው ከፊት ተቀመጡ። ለቅሶ ስለሆነ የጠራቸው የለም፤ ለቅሶ ጥሪ አይፈልግም። ከኋላቸው ቤቱ እስከ በሩ ሞላ። እንደዚያ ሞልቶ አላየሁትም።

ከዚያ የንስሐ አባታችን ገቡ። አርጅተዋል፤ ዲያቆን እጃቸውን ይዞ ነው የሚያመጣቸው። ለቅሶ ቤት ጮክ ተብሎ ኖር አይባልም፤ ሰዉ ግን ተነሣ። ወንበሮቹ ከዳር እስከ ዳር ጧ ጧ እያሉ ታጠፉ። ያን ድምፅ ከዚያች እሑድ ወዲህ አልሰማሁትም ነበር። አሁን ሊወድቁ ነው፣ በሱ ለቅሶ ላይ ሊወድቁ ነው ብዬ ላስጠነቅቃቸው አፌን ከፈትኩ። አባም «ተቀመጡ ልጆቼ» አሉ።

ሽማግሌዎቹ፣ አንድም ሳይቀሩ፣ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ወደ ኋላ ሰደዱ። ወንበሩን ዳበሱት፣ ጫን አድርገው አወረዱት፣ ያዙት፣ ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አንድም የሳተ አልነበረም።

ከአጠገቤ የተቀመጡት የአማቴ ጓደኛ ነበሩ። ያን ቀን ከአማቴ ጎን የወደቁት እሳቸው ናቸው። ወደ እሳቸው ዘንበል ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ወንበሩን ያውቁታል እንዴ?»

«አንድ ጊዜ ጥሎናል እኮ ልጄ። የጣለን ነገር ይረሳል?»

«ታዲያ ለምን ተመልሳችሁ አልመጣችሁም? ይኸን ሁሉ ዓመት ቆሞ ጠበቃችሁ።»

አሮጌው ሰው ፊታቸውን ከግድግዳው ወደኔ መለሱ።

«ማን ጠራን?» አሉኝ።